ማዕድናት በሰውነታችን ኢንዛይሞች ላይ ስላላቸው ሥልጣን፤ ይልቁንም ስለ እርሳስ መርዝ

በሰው ሰውነት ውስጥ ከሚገኙት ማዕድናት አንዱ ዚንክ ነው። የአንድ ዐዋቂ ሰው ሥጋና አጥንት በሙሉ ቢመረመር የሚገኘው ዚንክ ከ2 እስከ 3 ግራም ብቻ ነው፤ ብረትም ቢሆን ከ3 እስከ 5 ግራም ያህል ነው። ይህን ያህል ጥቂት ነገር ቢጎድል ምን ይጎዳል፣ ሌላ ቢተካበትስ ምን ያስከትላል ብሎ የሚጠይቅ ሰው አይታጣም። ነገር ግን ሕፃን የሚያድገው፣ ቁስል የሚጠገነው፣ ደምም የሚቀላው በዚህ በጥቂቱ ነው። ለሰውነታችን አንዳች ጥቅም የሌለው እርሳስ የተባለው ማዕድን ወደ ደም በገባ ጊዜ ለምን ጥፋት እንደሚያደርስም የሚገባን ይህን የተረዳን እንደ ሆነ ነው። ስለዚህ አስቀድመን ኢንዛይም ምን እንደ ሆነ፣ ማዕድንም በኢንዛይም ውስጥ ምን እንደሚሠራ እንገልጻለን። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኢንዛይም ሕይወት ባለው ፍጥረት ሁሉ ውስጥ የሚገኝ የፕሮቲን ዐይነት ሲሆን፣ ሥራው አንዱን ነገር ወደ ሌላው መለወጥን ማፋጠን ነው፤ ራሱ ግን በሥራው አያልቅም። ቂጣ በአፋችን ይዘን ረዘም ላለ ጊዜ ብናላምጠው እየጣፈጠ የሚሄደው በምራቃችን ውስጥ ያለው አሚሌዝ የተባለው ኢንዛይም የዱቄቱን ስታርች ወደ ስኳርነት ስለሚለውጠው ነው። ገብስ በቅሎ ብቅል ሲሆንም እንዲሁ ነው፤ ጠላ ጠማቂ ሴት ስሙን ባታውቀውም የዚህን ኢንዛይም ሥራ ከማንም ይልቅ አሳምራ ታውቀዋለች። ኤድዋርድ ቡክነር የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ በ1897 እርሾን ፈጭቶና ጨምቆ፣ አንድም ሕያው ሕዋስ የሌለበት ጭማቂ ስኳርን ወደ አልኮል ሲለውጥ አሳየ። ስለዚህም በ1907 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ከዚያ በፊት መፍላትና መብላላት ያለ ሕያው እርሾ አይሆንም ይባል ነበር።

ከቡክነር በኋላ የመጣው ጥያቄ ይህ ሥራ ሠሪ ነገር ከምን የተሠራ ነው የሚል ነበር። ጄምስ ሳምነር የተባለው አሜሪካዊ በ1926 ዩሪዬዝ የተባለውን ኢንዛይም ከአንድ የባቄላ ዘመድ ፍሬ አውጥቶ እንደ ስኳር ፍርፋሪ ደረቅና ጥርት ያለ አድርጎ አገኘው፤ ፕሮቲን መሆኑንም አስረዳ። ሳምነር በልጅነቱ በአደን ላይ ሳለ ግራ እጁን ያጣ፣ ያውም ግራኝ የነበረ ሰው ነው፤ እጅግ ጥንቃቄ የሚጠይቀውን የላቦራቶሪ ሥራ በአንድ እጁ መፈጸሙ የሚያስደንቅ ነው። በ1946 የኖቤል ሽልማት ከተቀበሉት አንዱ ሆነ፤ በ1955 ዐረፈ። ነገር ግን እርሱ በእጁ የያዘው ፍርፋሪ ኒኬል የተባለ ማዕድን እንዳለበትና ያለዚያም ማዕድን ኢንዛይሙ እንደማይሠራ በሕይወት ዘመኑ አልታወቀም። ይህን በ1975 የደረሱበት በአውስትራሊያ የነበሩ ተመራማሪዎች ናቸው። ከፕሮቲኑ ብዛት ጋር ሲነጻጸር ማዕድኑ እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ አርባ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ተሰውሮ ኖረ።

ማዕድን በኢንዛይም ውስጥ የሚገኘው እንደ ምስማር ወይም እንደ ሳንቲም ጠጣር ሆኖ አይደለም። የብረት ወይም የዚንክ አቶም አንድ ወይም ከዚያ የበለጡ ኤሌክትሮኖቹን ሲያጣ አዮን ይባላል፤ ያን ጊዜ በውሃ ውስጥ ሟሙቶ ይኖራል፣ የኤሌክትሪክም ኀይል ስላለው ተቃራኒውን ይስባል። ፕሮቲን ደግሞ እንደ ረጅም ክር ሆኖ የተጠቀለለ ነገር ነው፤ በጥቅሉም መካከል ለአዮኑ የሚስማማ ጎድጓዳ ስፍራ አለው። ማዕድኑ በዚያ ስፍራ ሲቀመጥ ከሁለት አንዱን ሥራ ይሠራል፤ ወይ የኢንዛይሙ ስለት ይሆናል፣ ወይም ጥቅሉ እንዳይፈታ የሚይዝ ካስማ ይሆናል።

ስለት ለሚሆነው ካርቦኒክ አንሃይድሬዝ የተባለውን ኢንዛይም ምሳሌ እናድርግ። ይህ በቀይ የደም ሕዋሳት ውስጥ የሚገኝ ሲሆን፣ ከመላው አካል የሚመጣው የተቃጠለ አየር በደም ተጭኖ ወደ ሳንባ እንዲሄድ ከውሃ ጋር ያዋሕደዋል። ኬይሊንና ማን የተባሉት የካምብሪጅ ሊቃውንት በ1940 ባወጡት ጽሑፍ በውስጡ ዚንክ መኖሩን አስታወቁ። ዚንኩ አንዲት የውሃ ሞሎኪዩል ይይዛል፤ ከያዛትም በኋላ አንዱን የሃይድሮጅን ክፍልዋን ያስለቅቃታል። የቀረው የውሃ ክፍል በአጠገቡ ያለውን የተቃጠለ አየር ወዲያውኑ ይይዘዋል። አንዱ ኢንዛይም ይህን ሥራ በአንድ ሴኮንድ እስከ አንድ ሚሊዮን ጊዜ ያህል ይፈጽመዋል። ዚንኩን ለቅሞ የሚያወጣ መድኃኒት ቢጨመርበት ፕሮቲኑ እንዳለ ሆኖ ሥራው ይቆማል፤ ዚንኩ ሲመለስለትም እንደ ገና ይሠራል። ይልቁንም የሚገርመው በዚንክ ፈንታ ኮባልት ቢገባበት መሥራቱ ነው፤ መዳብ ቢገባበት ግን አይሠራም። ስለዚህ ስፍራው በአንድ ማዕድን መያዙ ብቻ አይበቃም፤ የያዘው ማን ነው የሚለው ነገሩን ይወስነዋል።

ካስማ ለሚሆነው ደግሞ ወደ አሚሌዝ እንመለስ። ይህ ኢንዛይም ካልሲየም የተባለውን የአጥንትና የወተት ማዕድን በውስጡ ይዟል። ካልሲየሙ ስታርቹን አይቆርጠውም፤ ግን የፕሮቲኑን ልዩ ልዩ ክፍሎች አንድ ላይ አስሮ ይይዛል። ድንኳን ካስማው ሲነቀል ነፋስ እንደሚጥለው ሁሉ፣ ካልሲየሙ የወጣበትም አሚሌዝ ጥቂት ሙቀት ሲነካው ይፈታል፤ ሌሎች ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይሞችም በቀላሉ ይበሉታል። ከጨጓራ ጀርባ ከሚገኘው ዕጢ ለምግብ መፍጫ የሚወጣው ትሪፕሲንም እንዲሁ ካልሲየም ካላገኘ ራሱን በራሱ ቆርጦ ይጨርሳል።

መምህራን ይህን ለተማሪዎቻቸው በቀላሉ ሊያሳዩ ይችላሉ። አንድ የሻይ ማንኪያ ዱቄት በአንድ ብርጭቆ ውሃ አፍልቶ ማቀዝቀዝና በሦስት ብርጭቆ መክፈል ነው። በመጀመሪያው ብርጭቆ ጥቂት ምራቅ፣ በሁለተኛው በደንብ የፈላ ምራቅ፣ በሦስተኛው ደግሞ አስቀድሞ ጥቂት ጠብታ የመዳብ ሰልፌት ውሃ የተቀላቀለበት ምራቅ ይጨመራል። ሦስቱም ለሩብ ሰዓት ለብ ባለ ስፍራ ከቆዩ በኋላ በየብርጭቆው የአዮዲን ጠብታ ቢደረግ ሁለተኛውና ሦስተኛው ወደ ጥቁርነት የሚያደላ ሰማያዊ ይሆናሉ፤ ስታርቹ አልተለወጠምና። የመጀመሪያው ግን የአዮዲኑን ቀለም እንደ ያዘ ይቀራል። ሁለተኛውን ያበላሸው እሳት ነው። ሦስተኛውን ያበላሸው መዳብ ነው፤ በፕሮቲኑ ላይ ተጣብቆ ሥራውን አግዶታል። የመዳብ ሰልፌት መርዝ ስለ ሆነ መምህሩ ብቻ ይያዘው፤ ምራቁም የመምህሩ የራሱ ይሁን እንጂ ብርጭቆው ከልጅ ወደ ልጅ አይዙር። በሌላ ብርጭቆ የገበታ ጨው ቢጨመር ደግሞ ምራቁ ይበልጥ ይበረታል። የሚያበረታው ግን በጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ እንጂ ሶዲየም የተባለው ማዕድን አይደለም።

መዳብ ለሌሎች ኢንዛይሞች አስፈላጊ ሆኖ ሳለ ምራቅን እንዲህ ማገዱ ስለ ማዕድናት ልናውቀው የሚገባ ትልቅ ነገር ነው። ለሰውነት የሚጠቅመውም ማዕድን ልክ አለው። ዚንክ በጣም ቢበዛ አንጀት መዳብን እንዳይወስድ ያግዳል፤ በመድኃኒት መልክ ከልክ በላይ ዚንክ የወሰዱ ሰዎች ከመዳብ ማነስ የተነሣ ደማቸው የተጎዳ አሉ። እንግዲህ ጠቃሚ ነው ተብሎ ሐኪም ሳያዝ ክኒን መዋጥ አይገባም።

ማነሱ የሚያደርሰው ጉዳት ግን የባሰ ነው። አናንዳ ፕራሳድ የተባለው ሐኪምና ባልደረቦቹ በ1961 በኢራን አገር በሺራዝ ስላገኙአቸው ወጣቶች ጽፈዋል። ወጣቶቹ ዕድሜያቸው ሀያ ዓመት ያህል ሆኖ ሳለ ቁመታቸውና መልካቸው የዐሥር ዓመት ልጅ ይመስል ነበር። አብዛኛው ምግባቸው ያልቦካ የስንዴ ቂጣ ነበር። ኋላም በግብፅ በተደረገ ምርመራ ይህን የመሰለ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ዚንክ እንዳነሳቸው ተረጋገጠ፤ ዚንክም በተሰጣቸው ጊዜ አደጉ። ቂጣው ዚንክ ስለሌለው አይደለም። በእህል ቅርፊት ውስጥ ፋይቴት የሚባል ነገር አለ፤ ይህም ብረትንና ዚንክን አጥብቆ ይዞ በአንጀት ውስጥ ሳይለቅ ይወጣል።

በዚህ ነገር የአገራችን እናቶች ያለ መጽሐፍ የደረሱበት ዘዴ ሊመሰገን ይገባዋል። ሊጥ ከእርሾ ጋር ተቦክቶ ሁለት ሦስት ቀን ሲሰነብት እየኮመጠጠ ይሄዳል። በዚያ ኮምጣጣነት ውስጥ ፋይቴዝ የተባለው ኢንዛይም ይበረታና ፋይቴቱን እየቆራረጠ የያዘውን ብረትና ዚንክ ያስለቅቀዋል። ሁሉንም ባይጨርሰውም እንጀራው ከቂጣ የተሻለ የሚሆንበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። እህልን ዘፍዝፎ ማብቀልም ይህንኑ ኢንዛይም ያበዛዋል። ቸኩሎ ሊጥ በጥቂት ሰዓት ውስጥ መጋገር ጊዜን ሲያተርፍ ማዕድኑን ያከስራል። በተቅማጥ ለታመሙ ሕፃናትም የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በ2004 ከሕይወት አድን ንጥረ ነገር ጋር ዚንክ ከ10 እስከ 14 ቀን እንዲሰጥ ማስታወቃቸው ይታወቃል፤ መጠኑን ግን ጤና ጣቢያ ይወስነዋል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንመጣለን። ደማችን ቀይ የሚሆነው ሔም በተባለ ነገር ነው፤ ሔምም በመካከሉ ብረት የያዘ ሲሆን ከሳንባ የምንስበውን ንጹሕ አየር ተሸክሞ ወደ መላው አካል ያደርሳል። ሔም በአንድ ጊዜ አይሠራም፤ በየደረጃው ልዩ ልዩ ኢንዛይሞች እየተቀባበሉ ያበጁታል። ከእነዚህ አንዱ በአጭሩ አላድ ተብሎ የሚጠራው ነው። አላድ ስምንት ክፍሎች ተጋጥመው የሚሆን ሲሆን፣ በየክፍሉ የሥራ ስፍራ ዚንክ ተቀምጧል። ዚንኩንም በስፍራው የያዙት ከፕሮቲኑ ክር ወጣ ወጣ ያሉ ሦስት የድኝ አቶሞች ናቸው።

እርሳስ ድኝን ከዚንክ ይበልጥ ይወዳል። ስለዚህ በደም ውስጥ ጥቂት እርሳስ ሲገባ ዚንኩን ገፍቶ ያስወጣና በስፍራው ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ ኢንዛይሙ ስለቱ የዶለዶመ ማጭድ ይሆናል፤ መልኩ አለ፣ ሥራው የለም። ሊገጣጥመው ይገባው የነበረው ጥሬ ነገር ሳይሠራ ይከማቻል፤ በደምና በሽንት ውስጥ በዝቶ ይገኛል፤ ለነርቭም ጎጂ ነው ተብሎ ይታመናል። እርሳስ በዚህም አይቆምም። በሔም መጨረሻ ላይ ብረቱን በመካከል የሚያስገባውን ሌላውን ኢንዛይም ያግዳል፤ ያን ጊዜም ብረት በሚገባበት ስፍራ ዚንክ ይገባል። ሐኪሞች በደም ምርመራ ይህን ዚንክ የገባበትን ሔም መሰል ነገር ለክተው የእርሳስን ጉዳት ይከታተሉበት ነበር። ነገር ግን ብረት ባነሰውም ሰው ደም ውስጥ ይኸው ይታያልና አንዱን ከሌላው ለመለየት የእርሳሱን መጠን በራሱ መለካት ያሻል።

እርሳስ ከካልሲየምም ጋር መመሳሰል አለው። አንጀት ካልሲየምና ብረት ነው ብሎ ያስገባዋል፤ አጥንትም ካልሲየም ነው ብሎ ያስቀምጠዋል። በአጥንት ውስጥ የተቀመጠው እርሳስ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ይቆያል። ሴት ባረገዘች ጊዜ ካልሲየም ከአጥንትዋ ወጥቶ ለፅንሱ ሲሰጥ፣ በልጅነትዋ የገባባት እርሳስም አብሮ ይወጣል። ብረትና ካልሲየም ያነሰው ሕፃን እርሳስን ይበልጥ የሚስበው በዚሁ መመሳሰል ምክንያት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ሕፃናት ከዋጡት እርሳስ ወደ ሰውነታቸው የሚያስገቡት ከዐዋቂዎች አራት ወይም አምስት እጥፍ ይሆናል፤ ጉዳት የማያደርስ የእርሳስ መጠን ይህን ያህል ነው ተብሎ የታወቀም የለም።

ስለ አእምሮ የሚደርሰው ጉዳት በተለይ መምህራንን ይመለከታል። ኸርበርት ኒድልማን የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም በ1979 ያወጣው ጥናት የተመሠረተው በቦስተን አካባቢ የሚማሩ ልጆች በነቀሉት የወተት ጥርስ ላይ ነው። በጥርሱ ውስጥ ያለውን እርሳስ ለካ፤ መምህራኑም የየልጁን ጠባይ እንዲጽፉ ጠየቃቸው። መምህራኑ የማን ጥርስ ምን ያህል እርሳስ እንዳለው አያውቁም ነበር። ሆኖም በጥርሱ እርሳስ የበዛበት ልጅ በመምህሩ ዘንድ ልቡ የሚበተን፣ የጀመረውን የማይጨርስ፣ ትእዛዝ ለመከተል የሚቸገር ሆኖ ተጽፎ ተገኘ፤ በአእምሮ መፈተኛም ያገኘው ነጥብ ያነሰ ነበር። ከእነዚህ ልጆች አንዱም እንደ ታመመ ሆኖ ወደ ሐኪም ቤት አልመጣም። አንድን ተማሪ ሰነፍ ነው ብሎ ከመቅጣት በፊት ቤቱ ምን እንደሚሠራበት መጠየቅ የሚገባው ስለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ከአንድ ስሕተት መጠበቅ ያስፈልጋል። በቋንቋችን ማዕድኑም የጽሕፈት መሣሪያውም እርሳስ ተብሎ ይጠራል። የጽሕፈቱ እርሳስ ውስጡ ግራፋይት ነው፤ ይኸውም የከሰል ዘመድ የሆነ ካርቦን ስለ ሆነ መርዝ የለበትም፤ ጫፉ የወጋው ልጅ በእርሳስ አይመረዝም። ይሁን እንጂ የውጭውን ቀለም ማኘክ ልጆች ሊተዉት የሚገባ ልማድ ነው፤ በቀለም ውስጥ እርሳስ ሲጨመር የኖረ ነውና።

እውነተኛው እርሳስ ከሚገኝባቸው ዋናዎቹ የተላጠ አሮጌ የግድግዳና የበር ቀለም፣ የመኪና ባትሪ፣ እንዲሁም ከቁርጥራጭ ብረታ ብረት ቀልጦ የሚሠራ ድስት ናቸው። በካሜሩን አገር እንዲህ ከተሠሩ የአሉሚኒየም ድስቶች እርሳስ ወደ ምግብ እንደሚወጣ በምርመራ ታይቷል። በአንዳንድ አገር ገበያ የሚሸጠው ኩልም እርሳስ ሞልቶበት ተገኝቷል። አሮጌ ቀለም ሲፋቅ በደረቁ መፋቅ አይገባም፤ በውሃ አርሶ መፋቅና ፍቅፋቂውን ሰብስቦ መጣል ያስፈልጋል፤ ቀለም የተቀባ እንጨትም ለማገዶ አይሁን። ባትሪ የሚፈታ ወይም እርሳስ የሚያቀልጥ ሰው ሥራውን በመኖሪያ ግቢ አያድርገው፤ ልብሱንም ሳይለውጥ ልጁን አይቀፍ። ወለልን በመጥረጊያ ማቧነን ትቢያውን ያነሣዋልና በእርጥብ ጨርቅ መወልወል ይሻላል። ልጆች ከመብላታቸው በፊት እጃቸውን በሳሙና መታጠባቸው ለተቅማጥ እንደሚጠቅም ሁሉ ለዚህም ይጠቅማል። ማፍላት ግን ምንም አይረዳም፤ ውሃ ሲፈላ ተሕዋስያን ይሞታሉ እንጂ እርሳስ አይጠፋም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን ይበዛል።

ይህ ሁሉ ከንቱ ፍርሃት እንዳልሆነ ሁለት ነገሮችን እናስታውስ። በሴኔጋል ዋና ከተማ በዳካር አጠገብ ቲያሮይ በተባለ ሰፈር ሰዎች ከአሮጌ ባትሪ የተረፈውን አፈር እየነፉ እርሳስ ሲለቅሙ፣ አፈሩንም ወደ ቤታቸው ሲያስገቡ፣ ከ2007 መጨረሻ እስከ 2008 መጀመሪያ ባለው ጊዜ 18 ሕፃናት ሞቱ። በሰሜን ናይጄሪያ በዛምፋራ ደግሞ በ2010 ወርቅ ያለበትን ድንጋይ በየመንደሩ ሲፈጩ በድንጋዩ ውስጥ የነበረው እርሳስ ትቢያ ሆኖ ከ400 በላይ ሕፃናትን ገደለ። በመጀመሪያ ሕመሙ የወባ መስሎ ነበር፤ ሕፃናቱ ይንቀጠቀጡና ራሳቸውን ይስቱ ነበር።

ለእርሳስ መርዝ መድኃኒት አለው። በዛምፋራ በአፍ የሚሰጠው መድኃኒት በውስጡ ሁለት የድኝ አቶሞች አሉት፤ እርሳስ ድኝን ስለሚወድ ከደም ውስጥ ይዞት በሽንት ያወጣዋል። እርሳስን በኢንዛይሙ ላይ ያጣበቀው ያው ዝምድና እዚህ ለማስወጫ ይሠራል ማለት ነው። ነገር ግን መድኃኒቱ የተሰጠው አፈሩ ለጸዳባቸው መንደሮች ልጆች ነበር፤ ታክሞ ወደዚያው ትቢያ የሚመለስ ልጅ እንደ ገና ይመረዛልና። ባጌጋ የተባለችው መንደር ልጆች ሕክምናውን ለማግኘት ግቢያቸው ተቆፍሮ አፈሩ እስኪለወጥ ድረስ እስከ 2013 መጠበቅ ነበረባቸው።